ደም የሚሰጠው ሕይወት፣ ብረት የሚቀማው ዕድሜ



ዛሬ ሚያዝያ 30 ነው፤ በዓለም ዙሪያ የታላሴሚያ ቀን ሆኖ የሚታሰብ ዕለት። ስለዚህ ሕመም ብዙ ማለት ይቻላል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር በልባችሁ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ከባድ ታላሴሚያ ያለበትን ሰው በሕይወት የሚያቆየው ደም ነው። ዕድሜውን የሚቀማው ደግሞ ከዚያው ደም ጋር የሚገባው ብረት ነው። ደሙን የሚያገኝ፣ ብረቱንም በየዕለቱ የሚያስወግድ ሰው ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል፣ ፀጉሩም ይሸብታል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

በአገራችን አንድ ሰው ፊቱ ከገረጣ፣ ትንሽ ሄዶ ከደከመው፣ “ደም አንሶሃል” ይባላል። ምክሩም ወዲያው ይከተላል፦ ምስር ብላ፣ ጉበት ብላ፣ ቀይ ሥር ጠጣ፣ ከፋርማሲም የአይረን ኪኒን ግዛ። ይህ ምክር ከደግነት የመጣ ነው። በብረት እጥረት ደሙ ላነሰ ሰው ብረት መድኃኒቱ ነውና ብዙዎችን ጠቅሟል። ታላሴሚያ ግን የብረት እጥረት አይደለም። ታላሴሚያ ላለበት ሰው ሳይመረመር የአይረን ኪኒን መስጠት፣ በሰውነቱ ተርፎ በተከማቸ ነገር ላይ ሌላ መጨመር ነው። ስለዚህ ደም ማነስን በተመለከተ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ምክር እዚህ ላይ ቆም ብለን መመርመር አለብን።

ሕመሙ ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። በቀይ የደም ሕዋሳታችን ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ። ከሳንባ ኦክስጅን ተቀብሎ ለመላው አካል የሚያደርሰው እሱ ነው። የዐዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን በዋናነት ከሁለት አልፋና ከሁለት ቤታ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። አልፋን የሚያሠሩ አራት ዘረመሎች አሉን፤ ቤታን የሚያሠሩ ደግሞ ሁለት። ከእነዚህ ዘረመሎች ውስጥ የጎደለ ወይም የደከመ ካለ የአንደኛው ሰንሰለት ምርት ያንሳል። ተጣማሪ ያጣው ሌላው ሰንሰለት በሕዋሱ ውስጥ ይጠራቀምና ሕዋሱን ገና ከአጥንት መቅኒ ሳይወጣ ያፈርሰዋል። መቅኒው ጉድለቱን ለመሙላት ከዐቅሙ በላይ ይሠራል፣ ይሰፋል፣ አጥንትን ያሳሳል፤ የፊት ቅርጽ እስከ መለወጥ ይደርሳል። ጣፊያም ያብጣል።

ከባዱ የቤታ ታላሴሚያ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ዕድሜ ይገለጣል። ሕፃኑ ሲወለድ ይዞት የመጣው የፅንስ ሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ስለማያስፈልገው ለጥቂት ወራት ይጠብቀዋል። ያ ሲቀንስ፣ ቦታውን ሊረከብ የሚገባው የዐዋቂ ሄሞግሎቢን አይገኝም። ልጁ ይገረጣል፣ መጥባት ይሰለቻል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ክብደት አይጨምርም። በዲትሮይት ከተማ ይሠራ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ቶማስ ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1925 ይህን ሕመም ለይቶ ሲገልጽ፣ ለእነዚህ ልጆች የሚደረግላቸው ነገር እምብዛም አልነበረም። ደም የማያገኝ ልጅ አምስተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ይሞት ነበር።

ዛሬ ደም አለ። ከባድ ታላሴሚያ ያለበት ሰው ከ2 እስከ 5 ሳምንት ባለው ልዩነት ደም ይወስዳል። እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ጠቃሚ ነገር ልናገር። ግቡ የደከመን ልጅ ማንሣት ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ እንዳይደክም ማድረግ ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ቀጣዩ ደም ከመሰጠቱ በፊት የሚለካው ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ9.5 እስከ 10.5 ግራም እንዲሆን ነው። ይህ ልክ ሲጠበቅ የልጁ መቅኒ ያርፋል፣ አጥንቱ በወጉ ያድጋል፣ ጣፊያውም አይጫነውም። “ገና አልገረጣም፣ ሌላ ሳምንት እንቆይ” እያሉ ቀጠሮ መግፋት ልጁን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል።

ደም በምትወስዱበት ቦታ ሁሉ የራሳችሁን ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ የከረጢቱን ብዛት፣ ከመውሰዳችሁ በፊት የነበረውን የሄሞግሎቢን ልክ፣ የገጠማችሁንም ችግር ጻፉበት። የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያው ደም ከመሰጠቱ በፊት ከኤ፣ ቢ፣ ኦ እና አር.ኤች. ሌላ ዝርዝር የደም ዓይነታችሁ ይመርመር፤ ዕድሜ ልኩን ደም የሚወስድ ሰው ለሌሎች የደም ዓይነቶች ፀረ እንግዳ አካል ሊያበቅል ይችላልና። ደሙ እየገባ ሳለ ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ወገባችሁን ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ሽንታችሁ ከጠቆረ ለነርሷ ወዲያውኑ ንገሩ። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም አትበሉ።

አሁን ወደ ብረቱ ልመለስ። አንድ ከረጢት ደም 200 ሚሊግራም ያህል ብረት ይዟል። ጤነኛ ሰው ከሚበላው ምግብ በቀን የሚቀበለው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንድ ከረጢት፣ አንድ ጤነኛ ሰው ከሦስት ወር በላይ ከማዕዱ የሚሰበስበውን ብረት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስገባል ማለት ነው። በየሦስት ሳምንቱ ሁለት ከረጢት የሚወስድ ዐዋቂ በዓመት 35 ያህል ከረጢት ይወስዳል፤ ይህም ወደ 7 ግራም ብረት ነው። የአንድ ጤነኛ ዐዋቂ መላ ሰውነት የያዘው ብረት ግን ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። ሰውነታችን ደግሞ ለብረት መውጫ እንደሌለው ጎተራ ነው፤ የገባው ይጠራቀማል እንጂ በሽንትም ሆነ በላብ ትርፉን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም።

የተጠራቀመው ብረት ጉበት ውስጥ ይገባል፤ ጉበት ይጠነክራል። ቆሽት ውስጥ ይገባል፤ የስኳር በሽታ ይመጣል። ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ ውስጥ ይገባል፤ የልጁ ቁመት ይገታል፣ የጉርምስና ምልክት ይዘገያል፣ የልጅቷ የወር አበባ ይቀራል። ታይሮይድን ይጎዳል። ከሁሉም የሚከፋው ልብ ውስጥ ሲገባ ነው። ከባድ ታላሴሚያ ያለባቸው ሰዎች ለብዙ ዘመን በአብዛኛው የሞቱት በልብ ሕመም ነው። ብረት ሲከማች አያምም። የልብ ምት እስኪዛባ ወይም እግር እስኪያብጥ ድረስ ሰውየው ደህና እንደሆነ ይሰማዋል። “ደህና ነኝ፣ መድኃኒቱ ይቅርብኝ” የሚለው ሐሳብ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ብረትን የሚያስወጡ ሦስት መድኃኒቶች አሉ። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ልጁ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ደም ከወሰደ በኋላ ወይም በደሙ የሚለካው፣ የብረት ክምችትን የሚጠቁመው ፌሪቲን ከ1000 ሲያልፍ ነው። የመጀመሪያው ዴፈሮክሳሚን ነው፤ ብዙዎቻችሁ ዴስፈራል በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። በትንሽ ፓምፕ አማካይነት በቆዳ ሥር ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ከ5 እስከ 7 ሌሊት ይሰጣል። ዐይንና ጆሮ ላይ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል በየዓመቱ ሁለቱም ይመርመሩ። ሁለተኛው ዴፈሪፕሮን ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን ከልብ ላይ ብረትን በማንሣት የታወቀ ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን ነጭ የደም ሕዋስን በድንገት ስለሚያወርድ የደም ቆጠራ ያስፈልገዋል። ይህን የምትወስዱ ሰዎች ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከያዛችሁ መድኃኒቱን አቁሙና በዚያው ቀን ተመርመሩ። ሦስተኛው ዴፈራሲሮክስ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል። ኩላሊትንና ጉበትን በደም ምርመራ መከታተል ይጠይቃል። ተቅማጥና ትውከት ከያዛችሁ፣ ውኃም መጠጣት ካልቻላችሁ፣ ቀጣዩን ከመውሰዳችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ደውሉ። ዴስፈራል ወይም ዴፈሪፕሮን ስትወስዱ ሽንታችሁ ቀላ ቢል አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ብረቱ እየወጣ መሆኑን ያሳያል።

እነዚህ መድኃኒቶች ጠቃሚ የሚሆኑት ሳይቋረጡ ሲወሰዱ ነው። መድኃኒቱ ከደም ውስጥ ሲጠፋ ጎጂው ነፃ ብረት ተመልሶ መዘዋወር ይጀምራል። ለሳምንት ዘሎ በአንድ ቀን እጥፍ መውሰድ የጎደለውን አይተካም፤ ይልቁንም ይጎዳል። ብዙ ወጣቶች የሚሰለቹት ዐሥራዎቹን ዕድሜ ሲጀምሩ ነው። ጓደኞቻቸው ቤት ማደር ይፈልጋሉ፤ ከሰው ተለይተው መታየት ያሳፍራቸዋል። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ጊዜ ቁጣ አይረዳም። ልጃችሁ የፌሪቲን ውጤቱን ራሱ እንዲያነብ፣ ሐኪሙን ራሱ እንዲጠይቅ፣ መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓት ራሱ እንዲመርጥ አድርጉ። ስለ ሰውነቱ እውነቱን የሚያውቅ ልጅ ሕክምናውን የራሱ ጉዳይ ያደርገዋል።

ብረቱ ምን ያህል እንደሆነ እንዴት እናውቃለን? ፌሪቲን በየሦስት ወሩ ይለካል፤ ከ1000 በታች ሆኖ መቆየቱ ጥሩ ምልክት ነው። ሆኖም ፌሪቲን በኢንፌክሽን ጊዜም ይጨምራልና አንድ ውጤት ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሄድበትን አቅጣጫ ተከታተሉ። የልብን ብረት ግን ፌሪቲን በትክክል አይናገርም። ለዚህ ቲ2 ስታር የሚባል የኤም.አር.አይ. ምርመራ አለ። ውጤቱ ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ ልቡ ደህና ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሕክምናው መጠንከር አለበት። በብሪታኒያ ይህ ምርመራ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ መድኃኒቶቹም በሰው በሰው እየተለኩ መሰጠት ከጀመሩ በኋላ፣ ከብረት ክምችት የሚመጣው ሞት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ምርመራው ከማሽኑ በተጨማሪ ልዩ ፕሮግራም ይፈልጋል። ስለዚህ “ኤም.አር.አይ. አላችሁ ወይ?” ብቻ ሳይሆን “የልብን ብረት ትለካላችሁ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ማዕድ እንምጣ። በየጊዜው ደም የምትወስዱ ሰዎች ምስሩንና ጎመኑን ፈርታችሁ ራሳችሁን አታስርቡ። ቅድም በቁጥር እንዳየነው ከምግብ የሚመጣው ብረት ከከረጢቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ደም የማትወስዱ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የምትወስዱ ግን ጉዳያችሁ ሌላ ነው። የእናንተ አንጀት ከምግብ ብረት ከልክ በላይ ይቀበላል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ ደም ሳትወስዱ ብረት ሊከማችባችሁ ይችላል። ጉበትና ቀይ ሥጋ ቀንሱ፤ ወጥን በብረት ድስት አትሥሩ፤ ከምግብ ጋር ሻይ ጠጡ፣ ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳልና። ለሁላችሁም የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ቫይታሚን ሲን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በኪኒን አለመውሰድ ነው። ቫይታሚን ሲ ከምግብ የሚገባውን ብረት ይጨምራል፤ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድም የተቀመጠውን ብረት አንቀሳቅሶ ልብን ሊጎዳ ይችላል። አረቄና ጠላን በተመለከተ፣ በብረት የተጎዳ ጉበት የአልኮልን ጫና አይችልም።

ታላሴሚያ አጥንትንም ያሳሳል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ የፀሐይ ብርሃንና እንቅስቃሴ ያስፈልጋችኋል። በጾም ወቅት ወተትና እርጎ ሲቀር ምን እንደሚተካው ሐኪማችሁን ጠይቁ። የሚጾሙ ሰዎች፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ መድኃኒታቸውን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱና ውኃ እንዴት እንደሚያገኙ ከጾሙ በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይማከሩ። በራስ ውሳኔ መድኃኒት አቋርጦ መጾም በኋላ የሚከፈል ዋጋ አለው።

ኢንፌክሽንን አቅልላችሁ አትዩ። ትርፍ ብረት ለአንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግባቸው ነው። በተለይ ጣፊያው አብጦ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ሰውነቱ ከደም ኢንፌክሽን ጋር የሚታገልበትን ትልቅ መከላከያ አጥቷል። ለእሱ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት “እስከ ነገ ልየው” የሚባል አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። ጣፊያ ከመውጣቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የኒሞኮከስ፣ የማጅራት ገትርና የሄሞፊለስ ቢ ክትባቶች ይወሰዱ። ወባ ወዳለበት ቆላ የምትወርዱ ከሆነ አጎበርና መከላከያ መድኃኒት ሳትይዙ አትሂዱ። ትኩሳት ከሆድ ሕመምና ከተቅማጥ ጋር ከመጣ ብረት አውጪውን መድኃኒት አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ያልፈላ ወተትና ጥሬ ሥጋም ለእናንተ ከሌላው ሰው የበለጠ አደጋ አላቸው። ደም የሚወስድ ሰው ሁሉ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይውሰድ።

ታላሴሚያ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የእናት ብቻ ጥፋት ተደርጎ መታየቱ ደግሞ ትልቅ በደል ነው፤ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ ነውና። ሁለት የቤታ ተሸካሚዎች፣ ማለትም ከሁለቱ የቤታ ዘረመሎቻቸው አንዱ ብቻ የተጎዳባቸው ሰዎች፣ ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ከባድ ሕመም ያለበት ልጅ የመወለድ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው፤ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከ4 ሁለት፤ ፍጹም ነፃ የመሆን ዕድሉ ከ4 አንድ። የመጀመሪያው ልጅ ታመመ ማለት ቀጣዮቹ ሦስቱ ድነዋል ማለት አይደለም። ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል።

ተሸካሚው ራሱ ጤነኛ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳቱ ግን ትንንሽ ስለሆኑ በተራ የደም ቆጠራ የብረት እጥረት ያለበት ይመስላል። ዓመታት አይረን እየዋጠ ለውጥ ያላየ ሰው ይኖራል። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ሁለት ምርመራ ነው፦ ፌሪቲንና የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን የሚለየው ኤሌክትሮፎሬሲስ። ኤሌክትሮፎሬሲሱ ሄሞግሎቢን ኤ2 ከ3.5 በመቶ በላይ መሆኑን ካሳየ፣ ሰውየው የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚ መሆኑን ይጠቁማል። ተሸካሚም እውነተኛ የብረት እጥረት ሊኖረው ይችላል፣ በተለይ እርጉዝ ሴት። የእጥረቱን እውነት ግን ግምት ሳይሆን ፌሪቲን ይንገረን።

ይህን ሕመም አንድ ሕዝብ እንዴት እንደሚቋቋመው ያሳየችው ቆጵሮስ ናት። በዚያች ደሴት ከ7 ሰው አንዱ ያህል የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚ ነው። ቁጥሩ የበዛው ደሴቲቱ ለረጅም ዘመን የወባ አገር ስለነበረች ነው፤ ተሸካሚነት ከከባድ ወባ በመጠኑ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደሙም መድኃኒቱም የአገሪቱን ዐቅም ሊያልፍ መሆኑ ታየ። መንግሥት፣ ሐኪሞችና የታማሚ ወላጆች ማኅበር አንድ ላይ ተነሡ። የቆጵሮስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት መመርመራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርቡ ጠየቀች። ማስረጃው ጋብቻን አይከለክልም፤ የሚጠይቀው ተጋቢዎቹ እውነቱን ዐውቀው እንዲወስኑ ነው። ሕመሙን ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ወደ ዜሮ ተጠጋ። ለታማሚዎቹ የሚሆነው ደምና ገንዘብም ተረፈ፤ ዛሬ ብዙዎቹ ጎልማሶች ሆነው ቤተሰብ መሥርተዋል። ኢራን እ.ኤ.አ. በ1997፣ ሳውዲ አረቢያም በ2004 ከጋብቻ በፊት የሚደረግን ምርመራ ግዴታ አድርገዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ትዳር ስታስቡ ምርመራውን እንደ ውጣ ውረድ አትቁጠሩት፤ ውጤቱንም በእጃችሁ ያዙ።

እናት መሆን የምትፈልጉ እህቶች፣ በብዙዎቻችሁ ይቻላል። ከመፀነስ በፊት ግን ልብ፣ ጉበትና ስኳር ይመርመሩ፤ የባላችሁ ደምም ይታይ፤ የሚዋጡት ብረት አውጪ መድኃኒቶች በሐኪም ምክር አስቀድመው ይቁሙ።

ፈውስ አለ ወይ ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። አለ፤ ለሁሉም ግን አልደረሰም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ ብዙዎችን አድኗል። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እኅት የመግጠም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ውጤቱ የሚያምረው በልጅነት፣ ብረት አካልን ሳይጎዳ ሲደረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ የመጀመሪያውን የቤታ ታላሴሚያ የዘረመል ሕክምና ፈቀደች። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ደግሞ ብሪታኒያ የታማሚውን የራሱን መቅኒ ሕዋስ አርሞ የፅንስ ሄሞግሎቢንን የሚያስነሣውን ካስጌቪን ፈቀደች። የእነዚህ ሕክምናዎች ዋጋ በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዋጋው ቀንሶ ወደ እኛ እስኪመጣ ድረስ ልባችሁንና ጉበታችሁን ከብረት ጠብቁ፤ አዲሱን ሕክምና መቋቋም የሚችለው ያልተጎዳ አካል ነውና።

ጤነኞች ሆናችሁ እዚህ ለተገኛችሁም አንድ ቃል አለኝ። በዓመት 35 ከረጢት ደም የሚፈልግን አንድ ሰው ለመደገፍ፣ ለጋሽ በየሦስት ወሩ ቢሰጥ እንኳ፣ ቢያንስ 9 ቋሚ ለጋሾች ያስፈልጋሉ። ለዘመድ አደጋ ሲደርስ ብቻ የሚሰጥ ደም ይህን አይሞላም። ቀን ቆርጣችሁ ወደ ደም ባንክ ሂዱ፤ በሦስተኛው ወርም ተመለሱ።

ከታላሴሚያ ጋር የምትኖሩ፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሐኪማችሁን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ፌሪቲኔ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ወዴት ሄደ? የልቤ ብረት መቼ ይለካል? የምወስደው መድኃኒት ለክብደቴና ለምወስደው ደም ልክ ነው ወይ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉት፤ በየሦስት ወሩም መልሳችሁ ጠይቁ። ደሙን ሌላ ሰው ይሰጣችኋል፤ ብረቱን ማስወጣት ግን በእናንተና አጠገባችሁ በቆመው ቤተሰብ እጅ ነው። ያን ሥራ በየቀኑ ሥሩት።